ምዕራፍ ሰባት፦ ከተጻፈው ሁሉ የሆነው የትኛው ነው?

ሱፐርማን የሚባል ሰው ከሌላ ዓለም መጥቶ በምድር ላይ እንዳልኖረ፥ ባትማን የሚባል ባለጸጋም ጥቁር ካባ ደርቦ በሌሊት ወንበዴ እንዳላሳደደ፥ የሁለቱን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያነብ የኖረ ሰው ከማንም ይልቅ አጥርቶ ያውቃል። ይህን እያወቀ ግን ያው ሰው ከባልንጀራው ጋር ተቀምጦ፥ ይህኛው ነገር በእርግጥ ሆኗል፥ ያኛው ግን አልሆነም እያለ ሲሟገት ሊያመሽ ይችላል። ሙግቱ ታሪኩ አምሯል ወይስ አላማረም የሚል አይደለም፤ ተሟጋቹ ራሱ ደካማ ነው የሚለውን ታሪክ የሆነ፥ እጅግ የሚወደውን ደግሞ ያልሆነ ብሎ ሊመሰክር ይችላልና። ፈጠራ ለመሆናቸው ማንም ከማይጠራጠርባቸው ሁለት ታሪኮች አንዱን ከእውነት መዝገብ አስገብቶ ሌላውን ማስወጣት፥ ነገሩን ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ ቢመስል አያስደንቅም። ቀርቦ ለሚመረምረው ግን ከዚህ ጨዋታ በታች አንድ ከባድ ጥያቄ ተቀምጦ ይገኛል፤ ይኸውም ደራሲው አንድ ባልሆነ፥ ፍጻሜም በማይደረግለት ታሪክ ውስጥ፥ ሞትን ሞት፥ ጋብቻንም ጋብቻ የሚያሰኘው ሥልጣን በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ይህ ምዕራፍ የዚያን ጥያቄ ታሪክ ይከተላል፤ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተሟጋቾቹ የሆነውን ካልሆነው የሚለዩበትን መስፈርት ቀኖና ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን በእጇ ካሉት ብዙ መጻሕፍት 81ዱን ለይታ የቆጠረችበትን ይህን ቃል ወደ ልብ ወለድ ዓለም አስቀድመው ያሻገሩት የሼርሎክ ሆልምስ ወዳጆች ነበሩ። በ1911 ሮናልድ ኖክስ የተባለ፥ ኋላ ካህንና የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ የሆነ የኦክስፎርድ ወጣት ሊቅ፥ የዘመኑ መምህራን ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚመረምሩበትን ጥብቅ ዘዴ ለቀልድ ወስዶ አርተር ኮናን ዶይል በጻፋቸው የወንጀል ምርመራ ታሪኮች ላይ በማዋል፥ የትኛው ታሪክ ከየትኛው እንደሚጋጭ፥ የትኛውም እውነተኛ፥ የትኛውም አጠራጣሪ እንደሚመስል የሚያትት ጽሑፍ አዘጋጀ። ቀልዱ ሥር ሰድዶ ወግ ሆነ፤ ኮናን ዶይል የጻፋቸው 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች በድምሩ 60 ሆነው ቀኖና ተባሉ፤ ሌላ ሰው ስለ ሆልምስ የደረሰው ሁሉ ደግሞ የቱንም ያህል ቢያምር ከአዋልድ ተቆጠረ። ይህ አከፋፈል ብዙ አላደከመም፤ ደራሲው አንድ ነበር፥ እርሱም በ1930 ሲያርፍ መዝገቡ ተዘጋ፥ ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራም የተዘጋውን መተርጎም ብቻ ሆነ።

የኃያላኑ ጀግኖች ነገር ግን ከመነሻው እንዲህ አልነበረም። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች በ1938 የመጀመሪያውን የሱፐርማን ታሪክ፥ 13 ገጽ አድርገው፥ በ130 ዶላር ለአሳታሚ ሲሸጡ፥ ገጾቹን ብቻ ሳይሆን ጀግናውን ከነስሙና ከነዕጣ ፈንታው አሳልፈው ሰጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱፐርማን ሕይወት ኩባንያው ከፍሎ በሚያስጽፈው ሰው ሁሉ ብዕር ሥር ወደቀ። ጀግናው በመጀመሪያ ረጅም ይዘል ነበር እንጂ አይበርም ነበር፤ ቆይቶ በረረ። ኃይሉን የሚያደክመው ክሪፕቶናይት የተባለው ማዕድንም የተፈጠረው በመጽሔቱ ሳይሆን በ1943 በሬድዮ ሲተላለፍ በነበረው ድራማ ነው፤ ወደ መጽሔቱ የገባው በ1949 ሲሆን፥ ዛሬ ሱፐርማንን ያለ ክሪፕቶናይት የሚያስበው ሰው የለም። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ እንዴት ይስማማል ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም፤ አሳታሚዎቹ አንባብያኑን ለጥቂት ዓመት አንብበው ወደ ሌላ ነገር የሚያልፉ ሕፃናት አድርገው ይቆጥሯቸው ስለ ነበር፥ አንዱን ታሪክ ከዓመታት በኋላ ጥቂት ለዋውጦ እንደገና ማውጣት የተለመደ ሥራ ነበር። ተቃርኖ የሚታየው ለሚያስታውስ ሰው ነው፤ የሚያስታውስ አንባቢም ገና አልበዛም ነበር።

የበዛው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። የሱፐርማን አሳታሚ የሆነው ዲሲ የሚባለው ኩባንያ በ1940 ጀምሮት ኋላ የተወውን ፍላሽ የተባለ ፈጣን ሯጭ በ1956 በአዲስ ስም፥ በአዲስ ልብስና በአዲስ የትውልድ ታሪክ ሲያስነሣው፥ አዲሱ ፍላሽ ባሪ አለን የቀድሞውን ፍላሽ ጄይ ጋሪክን የሚያውቀው በመጽሔት እንዳነበበው የፈጠራ ሰው አድርጎ ነበር። ይህ አነጋገር የቀድሞውን መጽሔት ገዝተው ያነበቡትን፥ አሁን ጎልማሶች የሆኑትን አንባብያን ያረካ አልነበረም። አዘጋጁ ጁልየስ ሽዋርትዝ ደብዳቤ የሚልኩለትን ሰዎች ሙሉ አድራሻ ከደብዳቤያቸው ጋር ማተም ሲጀምር ደግሞ፥ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁት ወዳጆች መጻጻፍ፥ የራሳቸውንም ትናንሽ መጽሔቶች እያባዙ መላላክ ቻሉ፤ የአንዱ ትዝታ የብዙዎች ትዝታ ሆነ። በ1961 ጋርድነር ፎክስ ጽፎ ካርማይን ኢንፋንቲኖ በሣለው ታሪክ ሁለቱ ፍላሾች ፊት ለፊት ተገናኙ፤ የተሰጠውም ምክንያት ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ስፍራ ላይ በተደራረቡ፥ ነገር ግን ንዝረታቸው በተለያየ ሁለት ምድሮች ላይ ነው የሚል ነበር። አንዱንም ታሪክ ሐሰት ሳያሰኝ ሁሉንም የሚያድን ብልሃት ነበርና ተወደደ፤ ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተቃርኖ አንድ አዲስ ምድር መፍጠር ስለ ተቻለ፥ ምድሮቹ እየበዙ ሄደው የትኛው ጀግና በየትኛው ምድር እንደ ተወለደ የሚያውቁት የዚህ ትምህርት ሊቃውንት ብቻ ሆኑ።

ተፎካካሪው ማርቭል የተጓዘበት መንገድ ሌላ ነው። ከ1961 ጀምሮ ስታን ሊ፥ ጃክ ከርቢና ስቲቭ ዲትኮ ያወጧቸው ጀግኖች በአንድ ዓለም፥ ይልቁንም በአንዲት የኒው ዮርክ ከተማ እየተገናኙ የሚኖሩ ስለ ነበሩ፥ በአንዱ መጽሔት የሆነው በሌላውም እንደ ሆነ ይቆጠር ነበር፤ ይህ ነገር የተፈጸመው በዚህ ቁጥር ነው የሚል ማስታወሻም በሥዕሉ ግርጌ ይታተም ነበር። እንዲህ ያለው ሥርዓት ስሕተትን ወዲያው ያጋልጣል። ስታን ሊ በተቆጣ ጊዜ ወደ ሀልክ የሚለወጠውን ሊቅ ብሩስ ባነርን ዘንግቶ ቦብ ባነር ብሎ በጻፈው ጊዜ፥ ቦብ የሮበርት ቁልምጫ ነውና፥ የሰውዬው ሙሉ ስም ሮበርት ብሩስ ባነር ነው ተብሎ ነገሩ ተፈታ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይኸው ነው። ሊ ከዚህም አልፎ፥ ስሕተት ያገኘን ብቻ ሳይሆን ስሕተት የመሰለው ነገር ስሕተት ያልሆነበትን ምክንያት አስረድቶ የሚጽፍን አንባቢ ‹‹ኖ-ፕራይዝ›› በሚል ስም ይሸልም ጀመር፤ ሽልማቱም ኋላ በፖስታ የሚላክ፥ በውስጡ ምንም የሌለበት ኤንቨሎፕ ሆነ። የአንድምታ መምህራን እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉ ንባቦችን ሲያገኙ አንዱን ከመፋቅ ይልቅ ‹‹አንድም›› እያሉ የሚያስታርቃቸውን ምሥጢር እንደሚፈልጉ፥ እነዚህም አንባብያን የጸሐፊውን ዝንጋታ የጀግናው ምሥጢር አድርገው ማንበብን ተማሩ። ከዚህ የተነሣ ቀኖናን መጠበቅ የአሳታሚው ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ አንባቢው ያለ ደመወዝ የሚሠራ ተርጓሚ ሆነ፤ እንዲህ የደከመበትንም ሕንጻ ባለቤቱ አንድ ቀን ላፍርሰው ቢል ዝም አለማለቱ ከዚህ ይጀምራል።

ዲሲ በበኩሉ ታሪክን ከቀኖና ውጭ አድርጎ ለማውጣት ግልጽ የሆነ ልማድ ነበረው። ሱፐርማን የሚያገባበት፥ ልጅ የሚወልድበት ወይም የሚሞትበት ታሪክ ሲታተም ‹‹ምናባዊ ታሪክ›› የሚል ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት ነበር። ሁሉም ምናባዊ ሆኖ ሳለ አንዱን ለይቶ ምናባዊ ማለት የሚያስቅ ነገር ነው፤ አንባቢው ግን አልሳቀበትም፤ ማስጠንቀቂያው የሚለው በዚህ ገጽ የምታነበው ሞት ለሚመጣው ወር መጽሔት የሚያተርፈው ሐዘን የለም መሆኑ ገብቶት ነበርና። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ አንድ ነገር ሆነ የሚባለው መዘዝ ሲኖረው ነው፤ የቀሩት ክርክሮች ሁሉ ከዚህ ነጥብ ይወለዳሉ።

በ1985 ዲሲ 50ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ምድሮቹን ሁሉ ወደ አንዲት ምድር ለመጠቅለል ቆረጠ። ማርቭ ዎልፍማን የጻፈው፥ ጆርጅ ፔሬዝም የሣለው፥ አንባብያን በአጭሩ ክራይሲስ የሚሉት ባለ 12 ክፍል ታሪክ፥ አንድ ጉባኤ የሚያደርገውን አደረገ፤ ጥቂቱን አጽድቆ የቀረውን አወገዘ። ውግዘቱም ከተለመደው ውግዘት የከፋ ነበር፤ የተወገዙት ታሪኮች ሐሰት ናቸው አልተባሉም፥ ከቶ አልሆኑም ተባሉ እንጂ። በ1959 የተፈጠረችው የሱፐርማን የቅርብ ዘመድ ሱፐርገርል በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሌሎች ስትል ሞተች፤ ሱፐርማንም ሬሳዋን አቅፎ አለቀሰ፤ ብዙ ሳይቆይ ግን መሞቷ ብቻ ሳይሆን መኖሯም ተሰረዘ፥ ያለቀሰላትም ዘመዷ እንዲህ ያለች ልጅ መኖሯን የማያውቅ ሰው ሆነ። በ1986 ጆን በርን የሱፐርማንን ታሪክ ከመጀመሪያው እንደገና ሲጽፍ ደግሞ ጀግናው በልጅነቱ ሱፐርቦይ ሆኖ አያውቅም አለ፤ ነገር ግን በ30ኛው ምዕተ ዓመት ይኖራሉ የተባሉት የሌጌዎን ጀግኖች የተሰባሰቡት የሱፐርቦይን አርአያ ተከትለው ስለ ነበር፥ ጸሐፊዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ሱፐርቦይ የኖረባትን አንዲት ትንሽ ዓለም ለብቻዋ ፈጥረው ቀዳዳውን ለመድፈን ተገደዱ። አንዲት ምድር ብቻ ትኑር ብሎ የተነሣው ድንጋጌ ወዲያው ሁለተኛ ዓለም አስፈለገው።

ይህን ጣጣ ዎልፍማንና ፔሬዝ አስቀድመው ያዩት ይመስላል። በመጨረሻው ክፍል፥ ከጥፋቱ የተረፉት ሁሉ አዲሲቱን ምድር ከጥንት ጀምሮ የነበረች አድርገው ሲቀበሏት፥ የጠፉትን ምድሮች ሳይረሳ የቀረ ሳይኮ-ፓይረት የተባለ አንድ ወንጀለኛ ይታያል፤ እርሱም ያለው በእብዶች ቤት ታስሮ ነው። አንባቢው የራሱን መልክ ያየው በዚህ ሰው ነው፤ ባለቤቱ ከጀግኖቹ ልቡና ትዝታን ሊፍቅ ይችላል፥ ከአንባቢው ልቡና ግን ሊፍቅ አይችልም። ከዚያ ወዲህ ዲሲ በ1994፥ በ2005 እና በ2011 ዓለሙን ደጋግሞ ጠገነ፤ በ2011ም መጽሔቶቹን አቁሞ 52 መጽሔቶችን ከቁጥር 1 ጀመረ፤ እያንዳንዱም ጥገና ከእርሱ በፊት የነበረው ጥገና የተወውን ስንጥቅ የሚያቃና ነበር። በ2021 ኩባንያው በተቃራኒው መንገድ ሄዶ፥ እስከዚያ የተጻፈው ሁሉ የሆነ ነው፥ ጀግኖቹም ያስታውሱታል የሚል አቅጣጫ ያዘ፤ ከ35 ዓመት በኋላ የእብዱ ትዝታ የሁሉ ትዝታ ሆነ ማለት ነው።

ሙግቱ ከሁሉ ይልቅ የሚግለው ሞትና ጋብቻ ላይ ሲደርስ ነው። በ1988 ዲሲ፥ የባትማን ሁለተኛ ረዳት የሆነው ሮቢን፥ በእውነተኛ ስሙ ጄሰን ቶድ፥ ይሙት ወይስ ይኑር የሚለውን ፍርድ ለአንባብያን ተወ። የባትማን ባላንጣ የሆነው ጆከር ልጁን በብረት ቀጥቅጦ ባለበት ሕንጻ ላይ ፈንጂ ካፈነዳ በኋላ፥ መጽሔቱ ሁለት የስልክ ቁጥር አትሞ፥ ጥሪው 50 ሳንቲም እየተከፈለበት ድምፅ ተሰበሰበ፤ 5,343 ድምፅ ይሙት፥ 5,271 ድምፅ ይኑር አለ፤ በ72 ድምፅ ልዩነትም ልጁ ሞተ። ይህ ሞት በኃያላን ጀግኖች ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ጽናት ነበረው፤ የልጁ ልብስ በመስተዋት ሣጥን ተሰቅሎ በባትማን ዋሻ ተቀመጠ፥ ባትማንም ለ17 ዓመት ያህል የዚህን ሞት ጸጸት ተሸክሞ ተጻፈ። ስለዚህ በ2005 ጄሰን ቶድ ሕያው ሆኖ ሲመለስ ቅር የተሰኘው አንባቢ ልጁን ጠልቶ አይደለም። ከዚያ በፊት የተነበበው የጸጸት ታሪክ ሁሉ በአንድ ሞት ላይ የቆመ ነበርና፥ ሞቱ ከተነሣ ጸጸቱ በምን ይቆማል የሚለው ጥያቄ ነው ያሳሰበው። የጄሰንን ዳግም ምጽአት ያዳነው ግን ይህንኑ ጥያቄ ታሪኩ ራሱ መያዙ ነው፤ የተመለሰው ልጅ ባትማንን የሚከሰው ሞቴን ለምን አልተበቀልክም እያለ ነውና፥ ሞቱ ሳይሰረዝ መነሣቱ ተጨመረበት።

የማርቭሉ ስፓይደር-ማን ጋብቻ ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ አላገኘም። ስፓይደር-ማን የሆነው ፒተር ፓርከር ሜሪ ጄንን ያገባው በ1987 ነው፤ በዚያ ዓመት በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ተዋንያን የጀግናውንና የሙሽራዪቱን ልብስ ለብሰው፥ ስታን ሊ ራሱ አጋቢ ሆኖ፥ በሕዝብ ፊት ሠርግ ተደርጎ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ በ2007 በወጣው ታሪክ፥ የፒተር አክስት ሜይ በጥይት ተመትታ ለሞት ስትደርስ፥ ባልና ሚስቱ ሜፊስቶ ከተባለው ጋኔን ጋር ተዋውለው ስለ ሕይወቷ ትዳራቸውን ሰጡ፤ በውሉም መሠረት ጋብቻው ያልተደረገ ሆነ፥ ማንም አላስታወሰውም። የዘመኑ ዋና አዘጋጅ ጆ ኬሳዳ ባለትዳር የሆነ ስፓይደር-ማን ለታሪክ አይመችም የሚል አቋም እንደ ነበረው አልሸሸገም፤ ይህም የሙያ ሰው ፍርድ ነውና ብቻውን ቢሆን ያን ያህል ቁጣ ባላስነሣ። ብዙው አንባቢ የተቆጣበት ነገር መፋታት ሳይሆን መሰረዝ ነው፤ ሁለቱ ቢፋቱ ኖሮ ያ የ20 ዓመት ትዳር ከነፍሬው የሆነ ነገር ሆኖ ይቀር ነበር፤ አንባቢው አብሯቸው ያሳለፈው ዘመንም እንዲሁ። ኩባንያው ድንጋጌውን አላጠፈም፤ ነገር ግን በ2015 ጋብቻው የጸናበት ሌላ ዓለም በመጽሔት ተጻፈ፥ በ2024ም በጆናታን ሂክማን ጸሐፊነት በተጀመረው አዲስ ተከታታይ ፒተርና ሜሪ ጄን ሁለት ልጆች ወልደው የሚኖሩበት ዓለም ታየ። በዋናው በር የወጣው ጋብቻ በጎን በር ተመለሰ።

ታሪኮቹ ወደ ሲኒማ ሲሻገሩ የሥልጣን ነገር ይበልጥ ተወሳሰበ። በ2008 በአይረን ማን የተጀመረው የማርቭል ሲኒማ እንደ ቀድሞዎቹ መጽሔቶች ሁሉም የሚገናኝበት አንድ ዓለም ነው ተብሎ የታወጀ ቢሆንም፥ ፊልሞቹን የሚያዘጋጀው ክፍልና የቴሌቪዥን ድራማዎቹን የሚያዘጋጀው ክፍል የተለያዩ ነበሩ። ስለዚህ ኮልሰን የተባለው የመንግሥት ሰላይ በ2012 በአቬንጀርስ ፊልም ሞቶ፥ በ2013 በተጀመረው ድራማ ተነሥቶ የባልደረቦቹ አለቃ ሲሆን፥ ፊልሞቹ መነሣቱን ሳያነሡ አለፉ፤ አንድ ሰው በአንድ ዓለም ውስጥ ለተመልካቹ ሕያው፥ ለጓደኞቹም ሙት ሆኖ ዓመታት ቆየ። በ2015 በኔትፍሊክስ የተጀመረው፥ ዴርዴቪል የተባለው የአንድ ጠበቃ ጀግና ድራማም በ2018 ሲቋረጥ ከቀኖና የወጣ መስሎ ነበር፤ ዋናው ተዋናይ ቻርሊ ኮክስ በ2021 በስፓይደር-ማን ፊልም ለአጭር ጊዜ ብቅ ሲል ግን፥ የመጣው ያው ጠበቃ ነው ወይስ ያው ተዋናይ ብቻ የሚል ሙግት ተነሣ። በ2024 መጀመሪያ የማርቭል ባለቤት ዲስኒ የቀድሞዎቹን ድራማዎች በማርቭል የዘመን ቅደም ተከተል ውስጥ አሰለፋቸው፤ ሙግቱ የተዘጋው ግን በ2025 የወጣው አዲሱ ድራማ የቀድሞውን ወዳጅነት፥ ጠላትነትና ቁስል ወርሶ ሲቀጥል ነው።

በዲሲ ወገን የሆነው ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር በቤተሰቡ ላይ በደረሰ ሐዘን ምክንያት የተወው ጀስቲስ ሊግ የተባለ ፊልም በጆስ ዊደን እጅ ተጠናቆ በ2017 ታየ፤ አድናቂዎች ስናይደር ያሰበው ፊልም ይውጣ ብለው ለዓመታት ከወተወቱ በኋላ በ2021 አራት ሰዓት የሚፈጅ ሆኖ ወጣ። አንድ ርእስ፥ አንድ ጦርነት፥ ሁለት የማይስማሙ አፈጻጸሞች ተገኙ፤ የትኛው ነው የሆነው የሚለውም ሙግት እንደ እሳት ነደደ። ዳሩ ግን በ2022 በዲሲ ፊልሞች ላይ የተሾሙት ጄምስ ገንና ፒተር ሳፍራን አዲስ ዓለም ለመጀመር ስለ ወሰኑ፥ በ2025 የወጣውም ሱፐርማን ከሁለቱ በማንኛቸውም ላይ ስላልተመሠረተ፥ ለሙግቱ ፍርድ የሚሰጥ ተከታይ ታሪክ ጠፋ።

የሙግቱ ቃላት በታሪኮቹ ሰዎች አፍ ውስጥ እስከ መግባት ደርሰዋል። በ2023 በወጣው ሁለተኛው የስፓይደር-ቨርስ ፊልም፥ ሚጌል ኦሃራ የተባለው ስፓይደር-ማን በየዓለሙ ያሉት አምሳያዎቹ ሁሉ ሊያመልጧቸው የማይገባ የቀኖና ክስተቶች እንዳሉ፥ ከእነዚህም አንዱ የሚቀርቡት የፖሊስ ሻምበል ሞት እንደ ሆነ ያስተምራል፤ አባቱ ሻምበል ሊሆን የተቃረበው ወጣቱ ስፓይደር-ማን ማይልስ ሞራሌስ ግን ይህን ቀኖና አልቀበልም ብሎ ይሸሻል። ማይልስ በ2011 ሲፈጠር የዋናው ዓለም ሰው አልነበረም፤ ማርቭል ከዋናው ለይቶ ባቆመው ሌላ ዓለም የኖረ፥ ያም ዓለም በ2015 ሲጠፋ አንባብያን ስለ ወደዱት ወደ ዋናው የተሻገረ ልጅ ነው። ስለዚህ ቀኖና ይፈርስብኛል ብሎ የሚሰጋው ጎልማሳና ቀኖናን የሚሰብረው ልጅ ሲጋጩ፥ ፊልሙ ከተመልካቹ ወገን ያለውን ክርክር ለሁለቱም ወገን አፍ ሰጥቶ አቅርቦታል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሦስት ወገኖች ሲከራከሩ ይታያሉ። አንደኛው የባለቤቱን ቃል ይዞ፥ ኩባንያው ሆነ ያለው ሆነ፥ አልሆነም ያለው አልሆነም ይላል፤ ሁለተኛው የጽሑፉን ምስክርነት ይዞ፥ በገጹ ላይ ያለውና ከሌላው ጋር የሚስማማው ሁሉ ሆኗል ይላል፤ ሦስተኛው የራሱን ትዝታ ይዞ፥ ለእኔ የሆነው ይህ ነው ብሎ የግል ቀኖና ያበጃል። የመጀመሪያው ሕግ አለው፥ የስም ባለቤትነት የኩባንያው ነውና፤ ነገር ግን ኩባንያው ራሱ ቃሉን በየዐሥር ዓመቱ ሲያጥፍ አይተናል። ሁለተኛው ሐቀኛ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ለብዙ ዘመን የጻፈው ጽሑፍ ራሱን ይቃረናል። ሦስተኛው የማይሸነፍ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ሰው ልቡና ወጥቶ የሁለት ሰው መነጋገሪያ ሊሆን አይችልም።

ከሦስቱ ይልቅ የተሻለ ዳኛ የሚሆነው ተከታዩ ታሪክ መሆኑን የባርባራ ጎርደን ጉዳይ ያስረዳል። በ1988 አለን ሙር ጽፎ ብራየን ቦላንድ በሣለው ታሪክ፥ ቀድሞ ባትገርል የነበረችው ባርባራ በጆከር ጥይት ተመትታ ከወገቧ በታች ሽባ ሆነች። ታሪኩ ለብቻው የቆመ ነበርና በዝምታ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ የጸሐፊዎቹ ወንበር ሲቀየር፥ እንደ ብዙ ክፉ ታሪኮች፥ ረስቶ መሄድ የሚከለክል አልነበረም። ጆን ኦስትራንደርና ኪም ዬል የተባሉ ጸሐፊዎች ግን አልረሱትም፤ በ1989 ባርባራን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና በኮምፒውተር ዕውቀቷ ጀግኖችን የምትመራ ኦራክል አድርገው አቀረቧት። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ ብዙ ጸሐፊዎች በኦራክል ላይ ተመሥርተው ጻፉ፤ አካል ጉዳት ያለባቸው አንባብያንም ከኃያላኑ መካከል እነርሱን የምትመስል አንዲት ሰው አገኙ። ጥይቱን ከቀኖና ያስገባው እንግዲህ የአዘጋጅ ድንጋጌ ሳይሆን የተከታዮቹ ጸሐፊዎች ሥራ ነው።

በ2011 ዲሲ ዓለሙን ሲያድስ ባርባራን በእግሯ አቁሞ ወደ ባትገርልነት መለሳት፤ በጥይት መመታቷ አልተሰረዘም፥ ታክማ እንደ ዳነች ግን ተነገረ። ኦራክልን የወደዱት አንባብያን ያዘኑት የታመመች ሰው በመዳኗ አይደለም፤ በቁስሏ ላይ የተገነባው የ20 ዓመት ሕይወት ከቁስሉ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ ሰግተው ነው። ይህን ሥጋት ሥራ ፈትነት የሚለው ሰው፥ እነዚህ ታሪኮች ፍጻሜ የሌላቸው መሆኑን ልብ አላለም። ፍጻሜ ያለው መጽሐፍ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለፈውን ሁሉ ያጸናዋል፤ ፍጻሜ የሌለው ግን ያለፈውን የሚያጸናበት የመጨረሻ ገጽ የለውም፥ ስለዚህ ያለፈው ዘወትር በሚመጣው ጸሐፊ ምሕረት ሥር ይኖራል። ባለቤቱ ነገ የሚጻፈውን የመወሰን ሥልጣን አለው፤ ትናንት በተነበበው ላይ ያለው ሥልጣን ግን እንግዳ የተጠራበትን ግብዣ አልተደረገም እንደሚል ባለቤት ከንቱ ነው። አንባቢው የሚሟገተው ሱፐርማን ነበረ ለማለት አይደለም፤ ያነበበው ነገር በሚቀጥለው ታሪክ ውስጥ እንዲቈጠርለት ነው፤ ይህንም መጠየቅ በማንኛውም ረጅም ታሪክ ፊት ለተቀመጠ ሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።